ኸድር አገር ሲመርጥ

የመጨረሻው ደህና ቀን የገበያ ቀን ነበር። እማ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና አንድ ጠርሙስ ላምባ አስይዛኝ፣ ጫት ሊጭን ወደ ቦኬ በሚሄድ ባዶ መኪና ተሳፍሬ ሄድኩ። ከመኪናው ወርጄ ወደ ሸንተረሩ የሚያወጣውን ቀጭን መንገድ ጨርሼ ብቅ ስል ወንድሜ ኸድር ጣራ ላይ ነበር። ጣራ ልበለው እንጂ ገና ግማሹ ሰማይ ነው። ሣር እየደረበ በልጥ ያስር ነበር።

«ባለህበት ቁም!» አለኝ ከላይ ሆኖ። «አንተ ሰውዬ፣ ሕግ አታውቅም?»

በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች አስቀምጧል። በር ናቸው። መዝጊያ የላቸውም፣ ከግራም ከቀኝም አጥር የላቸውም። በድንጋዮቹ መሃል ቆሜ፣ ሰው ባይኖርም እያፈርኩ፣ «ቤቶች!» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«ቤቶች! አቦ፣ ዕቃው ከበደኝ!»

«ግቡ! ግቡ!» አለና ከጣራው ዘሎ ወረደ።

ሲያቅፈኝ ሰውነቱ ይሞቃል። በዚያ ፀሐይ ሹራብ ለብሷል። «በርዶህ ነው?» ስለው፣ «የአገሬ አየር ነው፤ ገና አለመድኩትም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን ብዙ ሳቅን። ከሰዓት በኋላ ሣር እያቀበልኩት እሱ ሲያስር ዋልን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከድንጋዮቹ አጠገብ ተቀመጥንና ታች ያለውን ሸለቆ አየን። በሸለቆው ውስጥ አዲሱ መንደር በመስመር በመስመር ተደርድሯል፤ ከላይ ሲታይ ለፀሐይ የተሰጡ የክብሪት ቀፎዎች ይመስላል።

«ነስሩ» አለኝ። «ከእንግዲህ አልመርጥም። ቦታውን አግኝቼዋለሁ።»

ስለ ኸድር ስጽፍ ሁልጊዜ ከዚህ እጀምርና እቆማለሁ። ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ መጀመሪያ እሱ ማን እንደነበር መናገር አለብኝ። ያኔ ምናልባት እጄ ይታዘዘኛል።

ኸድር ታላቄ ነው። አባታችን ከስልጤ መጥቶ አሰበ ተፈሪ ላይ ሱቅ ከፈተ፤ እኛን ወልዶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሱቁን እማ ያዘች። ጭሮ የሚሏትም አሰበ ተፈሪ የሚሏትም ያችው አንዷ ከተማችን ናት፤ እኛ ሁለቱንም ነው የምንላት። ከእኛ ሱቅ ጎን ማቴዎስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ማቴዎስ ጴንጤ ነው። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ጀምሮ መዝሙሩን የሚዘምረው ከስፌት መኪናው፣ ከሲንጀሩ፣ ድምፅ በታች ነው፤ መኪናው ሲቆም እሱም ይቆማል። በስፌቱ ፍጥነት መዝሙሩ የደስታ ይሁን የኀዘን እናውቅ ነበር።

ኸድር አሥራ ሁለተኛ ጨርሶ ነጥብ አልመጣለትም። ያን ጊዜ ገበሬው ሁሉ ከየኮረብታው ቤቱን አፍርሶ ወደ ሜዳ እንዲወርድ፣ በመስመር እንዲሰፍር ታዞ ነበር። መንደር ምሥረታ ይባላል። ኸድር እዚያ ሥራ አገኘ። ሥራው የሜትር ጫፍ መያዝ ነው። ባለሙያው አንዱን ጫፍ ይይዛል፣ ኸድር ሌላውን ይዞ ይሄዳል፤ ችካል ይመታል። የሚፈርሱትን ቤቶችም ይለካሉ። ማታ ሲመጣ ስለ ሥራው አያወራም። እግሩን ታጥቦ ይተኛል።

አንድ ቀን ግን በጊዜ መጣ። ቦኬ ሸንተረሩ ላይ የአባ ዩያን ቤት ሊለኩ ሄደው ነበር። ሜትሩ አጥሩ ጋ ሲደርስ ኸድር ቆመ። እዚያ አገር ሰው ግቢ ሲገባ ደጅ ተቆሞ «ዋራ ማና!» ይባላል። በአማርኛ «ቤቶች!» እንደምንለው ማለት ነው። ኸድርም ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ዋራ ማና!» ብሎ ተጣራ።

ባለሙያው ከወዲያ ማዶ ሜትሩን ወጠረ። «ምን ገተረህ? ግባ እንጂ!»

«ሰው እየጠራሁ ነው።»

«ማንን?»

«ባለቤቱን።»

«ባለቤቱ መንግሥት ነው! ግባ ብያለሁ!»

አባ ዩያ ወጡ። ነጭ ጢም ያላቸው፣ ጆሯቸው ትንሽ የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ሜትሩን አዩ፣ ችካሉን አዩ፣ ኸድርን አዩ። በኋላ ኸድር እንደነገረኝ ቁጣ አልነበራቸውም። «እስካሁን የመጣው ሁሉ ሳይጣራ ነው የገባው» አሉት በኦሮምኛ። «አንተ ቤቴን ልታፈርስ መጥተህ አስፈቀድከኝ። እንግዲህ ምን ልበልህ? እምቢ ብል ትመለሳለህ?»

ኸድር የሜትሩን ጫፍ ለቀቀው። ሜትሩ እያፏጨ ተጠቅልሎ ባለሙያው እጅ ገባ። ኸድርም በእግሩ ወደ መኪና መንገድ ወረደ። በዚያው ሥራ ለቀቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛው «ቤቶች!» ነው። የትም ቤት፣ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም፣ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሳይል አይገባም። ግቡ ካልተባለ ይቆማል። በእኛም ቤት ጭምር። እማ መጀመሪያ ተናደደች።

«ልጅ ነህ ወይስ ለማኝ? የገዛ ቤትህ አይደለም እንዴ?»

«የገዛ ቤቴ ቢሆንም የአንቺም ነው። ራስሽን አልተሸፈንሽ እንደሆን በምን አውቃለሁ?»

«ሌላው እንዳንተ ነው የሚገባው?»

«ሌላውማ ሳይጣራ ነው የሚገባው። አታይም የሚሆነውን?»

እያደር ግን ለመደችው። እንዲያውም ትጠብቀው ጀመር። አመሻሽ ላይ ከጓዳ ሆና ጆሮዋ ደጅ ነው። «ቤቶች!» ሲል፣ «መጣህልኝ? ግባ! ግባ፣ የኔ ጌታ!» ትለዋለች። እኔ ስገባ ምንም አትለኝም፤ እኔ ተጣርቼ አላውቅም።

ሁለተኛው አገሩ ነው።

«እነሱ መንደር ሲመሠርቱ ማንም አልጠየቃቸውም» አለ አንድ ቀን የሱቁ ባንኮኒ ላይ ተቀምጦ። «እኔ አገር ብመሠርት ማን ይጠይቀኛል?»

ማቴዎስ ከወዲያ ሱሪ እየተኮሰ ሰማው። «የምን አገር?»

«ሰው ዝም ብሎ የሚኖርበት።»

«ስብሰባ አለ?»

«የፈለገ ይሰበሰባል።»

«ማንም ባይፈልግስ?»

«አልሐምዱሊላህ ነዋ!»

እማ ስኳር እየሰፈረች ጣልቃ ገባች። «መዋጮስ?»

«የለም።»

«ታዲያ መንገዱን ማን ይሠራዋል?»

«መሄድ የሚፈልግ።»

«ድልድዩንስ?»

«መሻገር የሚፈልግ።»

«ሰነፉስ፣ አንተ?»

«ሰነፍ ይዋኛል፣ እማ።»

ማቴዎስ ካውያውን አቆመ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀልድ ባልሆነ ድምፅ፣ «ጮክ ብሎ መዘመርስ ይቻላል?» አለ።

 «ይቻላል» አለው ኸድር። «ሲንጀሩን አጥፍተህ ትዘምራለህ።»

ማቴዎስ ተመልሶ ወደ ሱሪው አጎነበሰ። ያን ቀን ደጋግሞ አፍንጫውን ሲጠርግ ነበር።

የኸድር አገር እንዲህ ነበር። ቀበሌ የለም። ኬላ የለም። ገበሬው እህሉን ለፈለገው፣ በተስማማበት ይሸጣል። ማንም በግድ አይዘምትም። የሚመጣ ይመጣል፣ የሚሄድ ይሄዳል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ሳይጣሩ መግባት ክልክል ነው። ይህ ለቤትም ነው፣ ለማሳም ነው፣ «ለሰው ሆድም ነው» ይል ነበር። ሰውን ምን እንደሚያስብ ከመጠየቅህ በፊት ደጁ ቆመህ ተጣራ ማለቱ ነው።

«ማን ያስተዳድረዋል?» አለችው እማ።

«ማንም።»

«ማንም ካላስተዳደረው ሌባ ያስተዳድረዋል። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ አውቃለሁ።»

«አሁን ማን እያስተዳደረን ነው ታዲያ?»

እማ የስኳሩን ማንኪያ ወረወረችበትና ሮጣ የሱቁን በር ዘጋች። 

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ጨዋታ መሆኑ የቀረበትን ቀን በትክክል አላውቅም። ኸድር ሥራ ከለቀቀ በኋላ የሚያስጥለው አልነበረም። ለብሔራዊ ውትድርና መጀመሪያ የሚታየው ሥራ የሌለው ወጣት ነው። ከእኛ ሰፈር ቀድመው የተወሰዱት ልጆች ወደ ሰሜን ሄደው እንደቀሩ ነው፤ የአንዱ መርዶ መጥቶ እማ ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ ኸድርን አየችና በሩ ላይ ቁጭ አለች። ቀጥሎ የእሱ ተራ እንደሆነ ሁላችንም አውቀን ነበር። እማ አዲስ አበባ አጎታችን ጋ ልትሰደው አሰበች።

«እዚያ ቀበሌ የለም?» አላት።

«ትደበቃለህ።»

«እማ፣ መደበቅ አልፈልግም። ቁጭ ብዬ መኖር ነው የምፈልገው። ቁጭ የምልበት ቦታ ይኖራል፤ ልፈልግ።»

የጂኦግራፊ መጽሐፌን ከፍቶ የሐረርጌን ካርታ ያይ ነበር። ከዚያ ግን ካርታውን ተወው። «እዚህ ላይ ሁሉም ቦታ ቀለም ተቀብቷል» አለ። በአካል ሄዶ ማየት ጀመረ።

መጀመሪያ የሄደው ወደ አሰቦት ነው፤ በከሰል መኪና። ሰፊ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ዓይን እስኪደክም ሰው የለበትም። ተራራው የመነኮሳቱ ነው፤ ሜዳው ግን ባዶ መሰለው። በደስታ ድንጋይ መሰብሰብ ጀመረ። ከየት እንደመጣ ያላየው አንድ ግመል ጠባቂ አጠገቡ ቆሞ፣ «ምን ጠፋብህ?» አለው። ኸድር፣ «ባዶ ቦታ አይቼ ነው» ሲለው ሰውየው ሳቀበት። «ባዶ አይደለም። ዝናብ ሲመጣ እንመጣለን። አሁን ውሃ ፍለጋ ሄደን ነው።»

ኸድር ይህን ሲነግረን ራሱን እየነቀነቀ ነበር። «ባዶ ቦታ ማለት ባለቤቱ ውሃ ፍለጋ የሄደበት ነው ለካ» አለ።

ሁለተኛ መቻራ ሄደ። መቻራን ወደደው። ቡናው፣ ጥላው፣ ውሃው። ግን ሲመለስ አንዲት ሴት ለታመመች እህቷ በመቀነቷ ቋጥራ የያዘችውን ጥቂት ቡና ኬላ ላይ ሲቀሟት አየ። ሴትዮዋ መቀነቷን መልሳ ስትታጠቅ አለቀሰች። ኸድር ቤት ሲደርስ፣ «መሬቱ ጥሩ ነው፤ ግን ቀድመውኝ ደርሰዋል» ከማለት በቀር ምንም አላወራም።

ሦስተኛው ቦኬ ነው። የገዛ ሜትሩ ባዶ ያደረገው ሸንተረር ትዝ አለው። ቤቶቹ ፈርሰዋል፣ ሰው ወርዷል። ጫቱና ማሽላው ግን እዚያው ነው፤ ገበሬው ጠዋት ወጥቶ ሠርቶ ማታ ወደ መስመሩ ይወርዳል። ኸድር አባ ዩያን ፈልጎ በአዲሱ መንደር ደጃቸው ላይ ቆሞ «ዋራ ማና!» አለ። ሽማግሌው ድምፁን አወቁት።

የሆነውን ደጋግሞ ስለነገረን በቃሌ ይዤዋለሁ። በኦሮምኛ ቢያ አገር ነው፤ ቢዬ ደግሞ አፈር ነው። ኸድር እየቀለደም እያመረረም፣ «አባ፣ ቢያ ናፍ ኬና» አላቸው፤ አገር ይስጡኝ ማለቱ ነው። አባ ዩያ ጆሯቸው ደካማ ነው። ደግሞ ከቢሮ የሚመጡ ሰዎች እየደጋገሙ አፈር እየቆፈሩ ለምርመራ በላስቲክ ይወስዱ ነበር። ይህም እንደዚያ መሰላቸው። «ቢዬ?» አሉ። ይዘውት ሸንተረሩ ላይ ወጡ፣ የፈረሰው ቤታቸው ምሰሶ ከነበረበት ጉድጓድ አንድ እፍኝ ጥቁር አፈር ዘግነው መሐረቡ ላይ አፈሰሱለት። «ይሄ ጥሩው ነው፤ ከሌላ ቦታ እንዳትወስድ» አሉት።

ኸድር መሐረቡን ቋጥሮ ይዞ መጣ። ባንኮኒው ላይ ፈታው። «አገር ብጠይቅ አፈር ሰጡኝ!» አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ማቴዎስም ሳቀ። እኔም።

እማ አልሳቀችም። «አፈር ሰጡኝ አይባልም!» አለች። «አፉ በል! አፉ በል አሁን!» ደረቱን እየመታች አስባለችው። አፈሩን ግን አልደፋችውም። ወስዳ ጓሮ ያለው ሬት ሥር አደረገችው።

ኸድር ተመልሶ ሄዶ ምን እንደጠየቃቸው ሲያስረዳቸው፣ አባ ዩያ እንዲህ አሉት። «አገር የለኝም። ቦታ ግን አለኝ። ቤት ሥራና ተቀመጥ፤ ጫቴን ከዝንጀሮ ጠብቅልኝ። እዚያ ማንም አይመጣም፤ እኛን አውርደው ጨርሰዋል።» ቤቱን መሥራት ሲጀምርም ስለ አገሩ ሁሉን ጠየቁት። «ቤቶች» ማለቱን ሲሰሙ፣ «ይሄማ የነቢያችን ሥርዓት ነው፣ አንተ አላመጣኸውም» አሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ አስጨነቃቸው።

«በአገርህ ሰው ቢታመም ማን ይሸከመዋል?»

«የፈለገ ይሸከመዋል።»

«ሰው ሁሉ ባይፈልግስ?»

 እኔ ቆሜ እሰማ ነበር፤ ዕቃውን ላደርስ አብሬው ወጥቼ። ለሁሉ መልስ የነበረው ልጅ ለዚህ መልስ አጣ። አባ ዩያም አላስጨነቁትም። «አስብበት» ብለውት ወረዱ።

እንግዲህ ያ ደህና ቀን ያልኩት ቀን ሲመሽ መኪና ስላልነበረ እዚያው አደርኩ። ሌሊቱን ትኩሳቱ ባሰበት። ከሸንተረሩ በታች ያለው ወንዝ ውሃ የሚቀዳበት ነው፤ ትንኙም ከዚያ ነው። ወባ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ሲነጋጋ ሊያውቀኝ አልቻለም። «ጣራው» ይላል፣ «እማን ጥሯት» ይላል፣ የካርታ ላይ ስሞች ይጠራል።

አባ ዩያ ጫታቸውን ሊያዩ ሲወጡ ከድንጋዮቹ ጋ ተጣሩ። መልስ አልሰጠሁም፤ እያለቀስኩ ነበር። እንደገና ተጣሩ። «ይግቡ!» ብዬ ጮህኩ። አንዴ አዩትና ከሸንተረሩ አፋፍ ቆመው ወደ መንደሩ ተጣሩ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ይወጣል ብዬ አላሰብኩም።

ሰው መጣ። ማንም አላዘዛቸውም። አንዳንዶቹ የሚፈርሱት ቤቶች ሲለኩ ኸድርን የሜትር ጫፍ ይዞ ያዩት ናቸው። ከጣራው ሁለት እንጨት ነቅለን ቃሬዛ ሠራን። ለቃሬዛው ከሚያስፈልገው በላይ ትከሻ ነበር፤ ተራ ላልደረሰው ሰው ሌላው አልለቅም እያለ ይጨቃጨቁ ነበር። ኸድር ዓይኑ ተከፍቶ ቢሆን መልሱን ያገኝ ነበር። እኔ ግን ያኔ አላሰብኩትም። የማስበው ጤና ጣቢያውን ብቻ ነው።

መኪና መንገዱ ላይ ኬላ አለ። ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ የታሰረ ገመድ ነው። ጠባቂው ጠመንጃ የያዘ ልጅ ነበር፤ የኸድር እኩያ።

«የይለፍ ወረቀት» አለ።

«ሰው ታሟል» አልኩት።

«አያለሁ። ከመንደሩ የሚወጣ ሰው ወረቀት ያስፈልገዋል። የእነዚህ ሁሉ ወረቀት የታለ?»

አባ ዩያ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «ልጄ፣ አንተ ወንድም አለህ?» አሉት።

«አለኝ፣ አባ። ግን ካለ ወረቀት ካሳለፍኩ እኔ ነኝ የምታሰረው።»

«ወረቀቱን ማን ይጽፋል?»

«ሊቀመንበሩ።»

«የታለ?»

«ስብሰባ ላይ ነው።»

አንድ ሰው ወደ ስብሰባው ሮጠ። እኛ ቃሬዛውን ግራር ሥር አስቀመጥን። ጠባቂው ከኮዳው ውሃ ቀድቶ ሰጠን፤ የኸድርን ግንባር ለማራስ እሱም አጎነበሰ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው። እኔ ግን ያን ገመድ እስካሁን በህልሜ አየዋለሁ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ኸድር ዓይኑን ገለጠ። አወቀኝ።

«ለምን ቆምን?» አለኝ።

«ኬላ ነው።»

ገመዱን ለማየት አንገቱን ሊያነሳ ሞከረ። አልቻለም። «ተጣርታችኋል?» አለ።

«አዎ፣ ተጣርተናል።»

«እንግዲያ ጠብቁ» አለና ዓይኑን ከደነ።

ጠበቅን። የተላከው ሰው ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ ከሩቅ እያውለበለበ ነበር የሚሮጠው። አጠገባችን ሲደርስ የሁላችንን ፊት አየ፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ጠባቂው ልጅ ሄዶ ገመዱን ፈታ። ማንም አላለፈበትም። ቃሬዛውን አንስተን ወደ ኋላ ተመለስን።

በዚያው ቀን፣ በሥርዓታችን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሸንተረሩ ላይ ቀበርነው። ጉድጓዱ የተቆፈረው አባ ዩያ ራሳቸው ባሳዩት ቦታ ነው። የመጀመሪያውን እፍኝ አፈር ዘገኑ። «ቢያ ነው የጠየቀኝ» አሉ ለማንም ሳይሆን። «እኔ ነኝ ቢዬ የሰጠሁት።» ያን ሲሉ የሰማ ሁሉ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። እማን ነበር የማስበው። ስልክ የለ፣ መኪና የለ። አልሰማችም። ያን ጊዜ ሱቋን ዘግታ ወደ ጓዳ ገብታ ይሆናል፤ ጆሮዋ ግን ደጅ ነው።

በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ጫት በጫነ መኪና ተሳፈርኩ። ጫት ይዘገያል ተብሎ ስለማይቆም ኬላውን ዝም ብሎ አለፈው፤ ገመዱ መሬት ላይ ነበር። መንገዱን ሙሉ እማን ምን ብዬ እንደምነግራት ቃል ስመርጥ ነበር። አንዱን እይዛለሁ፣ እተወዋለሁ።

አሰበ ተፈሪ ስደርስ ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። ማቴዎስ ደጁ ላይ እየሰፋ ነበር። አየኝ። ብቻዬን መሆኔን አየ፣ ልብሴ ላይ ያለውን አፈር አየ። ሲንጀሩ ቆመ። ቀስ ብሎ ተነሣና ቆቡን አወለቀ። 

የእኛ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መጋረጃው ብቻ ነው የወረደው። ከውስጥ እማ ዕቃ ስታጥብ ይሰማኛል። በዚያ በር ሺ ጊዜ ዝም ብዬ ገብቻለሁ። አሁን ግን እግሬ ደፉን ማለፍ እምቢ አለኝ። ቆምኩ። መግባት አልቻልኩም፣ መመለስም አልቻልኩም። ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ፣ አፌ ያልለመደውን ቃል ተናገረ።

«ቤቶች!» አልኩ።

ድምፃችን ይመሳሰላል። ሰው ሁሉ እንዲህ ይለን ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ትዝ አላለኝም። የዕቃው ድምፅ ቆመ። የነጠላ ጫማዋ ኮቴ በጥድፊያ ወደ በሩ ሲመጣ ሰማሁ።

«መጣህልኝ?» አለች እማ ከመጋረጃው ወዲያ። «ግባ! ግባ፣ የኔ ጌታ!»